ፍሪስላንድ ውስጥ የት ማደር ይሻላል? የጦርነቱን ታሪክ ማየት ለሚፈልግ መንገደኛ የተዘጋጀ ንጽጽር

ፍሪስላንድን ለማየት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገላብጠው የማደሪያ ፎቶ ነው። ሐይቅ ዳር ያለች የእንጨት ቤት፣ የታደሰ የገበሬ ግቢ፣ መርከብ ላይ የተነጠፈ አልጋ። ሁሉም ያምራሉ። እዚህ ክፍለ ሀገር ግን ክፍል አይቶ አካባቢ መምረጥ አያዋጣም። መጀመሪያ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ወስኑ። አልጋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፍሪስላንድ በኔዘርላንድስ ሰሜን ጫፍ ያለ ገጠር ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ከተሞቹም ትናንሽ ናቸው። ባቡር የሚሄደው በጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። የገጠር አውቶቡስ ማታና እሁድ ይጠፋል። ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ብስክሌት ላይ ላለ ሰው መንገዱን እጥፍ ያደርገዋል። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው መንደር ግማሽ ቀን ሊበላባችሁ ይችላል።

ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ የሚሄድ ሰው ይህን የበለጠ ማሰብ አለበት። ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበ ትልቅ ሙዚየም እዚህ የለም። ታሪኩ ተበትኗል። አንዱ ክፍል ባሕር ላይ በተሠራ ግድብ አጠገብ ያለ ምሽግ ነው። ሌላው የድሮ እስር ቤት ነው። ሌላው መንገድ ዳር የቆመ ድንጋይ ነው። ሌላው በደሴት አሸዋ ሥር ተቀብሮ የነበረ ኮንክሪት ነው። እያንዳንዱ የሚናገረው ስለ ጦርነቱ የተለያየ ገጽ ነው። ስለዚህ አራት አካባቢዎችን ላወዳድር። የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሌዋርደን፦ ያለ መኪና ለሚመጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ

ሌዋርደን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነች። ከአምስተርዳም ወይም ከዩትሬክት በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ በእግር የምትዳረስ ነች፣ በ2018 የአውሮፓ የባህል መዲና ሆና ተመርጣ ነበር። መኪና ከሌላችሁና ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፣ እዚህ እደሩ።

ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት አደባባይ ላይ የፍሪስላንድ ሙዚየም አለ። የተቃውሞ ትግሉ ሙዚየም በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። በጀርመን ወረራ ዘመን የውስጥ አርበኞች ምን ይሠሩ እንደነበር፣ የተደበቁ ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር፣ ከአሳዳጆቻቸው ጋር የተባበሩትም እነማን እንደነበሩ ይነገራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ትልቅ ዋጋ አለው። ጀግኖቹን ብቻ የሚያሳይ ሙዚየም ግማሹን ታሪክ ነው የሚያሳየው። ሰኞ ሙዚየሞች የሚዘጉበት ቀን ስለሆነ መምጫችሁን በዚያ አስሉ።

ሌዋርደን ድረስ የሚያስኬደው ግን ብሎክሃውስፖርት የሚባለው የድሮ እስር ቤት ነው። በ1944 መገባደጃ ላይ ጀርመኖች በርካታ የውስጥ አርበኞችን ይዘው እዚህ አስገብተው ነበር። ከታሰሩት አንዱ በስቃይ ብዛት ስም ቢያወጣ ድርጅቱ በሙሉ ያልቅ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1944 ማታ፣ የትግል ስሙ ፒት ክራመር የሆነው ፒት ኦበርማን የመራው ቡድን እስረኛ ይዘው የመጡ ፖሊሶች መስለው በሩን አስከፈቱ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ 51 እስረኞችን አስወጥተው በከተማው ቤቶች ውስጥ ሰወሯቸው። ያ ማታ በፍሪስላንድ እስከ ዛሬ ይወራል።

ሕንፃው እስር ቤትነቱ ያበቃው በ2007 ነው። ዛሬ ቤተ መጻሕፍት፣ ትናንሽ የእጅ ሥራ ሱቆችና ካፌ አሉበት። ክፍሎቹ ደግሞ ሆስቴል ሆነዋል፣ ስሙም አሊባይ ይባላል። ወፍራሙ በር እንዳለ ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። ዋጋው ለከተማ መሃል ጥሩ ነው፣ ታሪኩም ከአልጋችሁ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በደርግ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ታስሮ የወጣ ዘመድ አብሯችሁ የሚጓዝ ከሆነ ሳትነግሩት እዚያ አልጋ አትያዙ። የብረት በር ድምፅ ለአንዳንዱ ሰው ሽርሽር አይደለም። ለእሱ ከተማው ውስጥ ተራ ሆቴል ያዙለት፣ ግቢውን ቀን ላይ አብራችሁ እዩት።

ሌዋርደንን የመረጠ ሰው ሌላው ጥቅሙ ወደ ሃርሊንገን የሚሄደው አጭር የባቡር መስመር ነው። በዚህ መስመር መጀመሪያ ድሮንራይፕ ላይ ውረዱ። ሚያዝያ 11 ቀን 1945 ጀርመኖች እስረኞችን ከሌዋርደን አምጥተው ከመንደሩ ውጭ ረሸኑ። 13 ሰዎች ሞቱ፣ አንዱ ቆስሎ ተረፈ። የካናዳ ወታደሮች ሌዋርደን የገቡት ሚያዝያ 15 ነበር። አራት ቀን! ሐውልቱ ትንሽ ነው፣ በራፉ ላይ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። እኔ ግን ከብዙ ሙዚየም ይልቅ እዚያ ቆሜ ነው ያ ጊዜ የገባኝ።

በዚያው መስመር ፍራነከር አለች። የበግ ጠጉር ያበጥር የነበረው አይሰ አይሲንጋ ከ1774 እስከ 1781 ድረስ በመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቷል። አሁንም ይሠራል። በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጆች ካሉ ይህን አትለፉ፣ የጥርስ ጎማዎቹ በእንጨትና በምስማር የተሠሩ መሆናቸውን ሲያዩ ዓይናቸው ይፈጣል።

የሌዋርደን ድክመቱ ገጠር አለመሆኑ ነው። ጠዋት የላም ድምፅ ለመስማት የመጣ ሰው እዚህ አያገኘውም።

ደቡብ ምዕራብ፦ ውጊያውን ማየት ለሚፈልግና መኪና ወይም ጠንካራ እግር ላለው

ኔዘርላንድስ በግንቦት 1940 በአምስት ቀን ውስጥ ነው የወደቀችው። የጀርመን ጦር ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ እየጠረገ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ግን ተገታ። ቦታው ኮርንቨርደርዛንድ ነው።

ካርታ ላይ ፍሪስላንድን ከሰሜን ሆላንድ ክፍለ ሀገር ጋር የሚያገናኝ ቀጥ ያለ መስመር ታያላችሁ። አፍስላውትዳይክ ይባላል። በ1932 የተዘጋ 32 ኪሎ ሜትር የባሕር ግድብ ነው። ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ከተሞች በሰሜን በኩል ለመግባት በዚህ ግድብ ላይ ማለፍ ነበረባቸው። ግድቡ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ውኃ ነው፣ መደበቂያ የለም። በፍሪስላንድ በኩል ባለው ጫፍ ላይ የደች ወታደሮች ወፍራም የኮንክሪት ምሽጎች ውስጥ ሆነው ይጠብቁ ነበር። ቁጥራቸው ከሁለት መቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ግንቦት 13 ቀን የጀርመን ፈረሰኛ ክፍለ ጦር አጠቃ። በግድቡ ላይ ወደ ፊት የመጡት ወታደሮች በመትረየስ ተመለሱ። በማግስቱ ዮሐን ማውሪትስ ፋን ናሳው የተባለችው የጦር መርከብ ከዋደን ባሕር ሆና የጀርመንን መድፎች ደበደበች። ምሽጉ አልተሰበረም። ሆኖም ሮተርዳም በአውሮፕላን ጋይታ አገሪቱ እጅ ስትሰጥ እነዚህ ያልተሸነፉ ወታደሮችም መሣሪያ አስቀምጡ ተባሉ። አዛዣቸው ሻምበል ቡርስ ከዚያ በኋላ የውስጥ አርበኞችን ተቀላቀለ፣ ተያዘ፣ በ1942 ጀርመን ውስጥ ሳክሰንሃውዘን ካምፕ ተገደለ። ምሽጉን ስታዩ የሱን መጨረሻም አብራችሁ አስቡ።

ዛሬ ምሽጎቹ ሙዚየም ናቸው። የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ በየቀኑ አይከፈትም። በመጀመሪያ የመክፈቻ ቀኑን እዩ፣ ቀጥሎ አልጋ ያዙ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው የተዘጋ የብረት በር ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ከሙዚየሙ ብዙ ሳይርቅ ስለ ግድቡና ስለ ባሕሩ የሚያስረዳ ማዕከልም አለ። በዘመናዊ መልክ የተሠራ ስለሆነ ለልጆች ይመቻል።

ለኮርንቨርደርዛንድ የሚቀርበው ማደሪያ ማኩም ነው። ትንሽ የወደብ መንደር ነች፣ በብስክሌት ምሽጉ ጋ ይደረሳል። የባሕር ዳርቻ፣ የዕረፍት ቤቶችና ካምፒንግ አሏት። ባቡር የላትም። ባቡር የሚፈልግ ሰው በሌዋርደንና በስታቮረን መካከል ካሉት ጣቢያዎች አንዱን ይምረጥ፦ ስኔክ፣ ዎርኩም ወይም ሂንደሎፐን። ስኔክ ትልቋ ነች፣ በ1613 የተሠራው ባለ ሁለት ግንብ የውኃ በሯ በፖስት ካርድ ሁሉ ላይ አለ። ሂንደሎፐን ከሁሉም ታምራለች፣ ለመኖር ሳይሆን ለመሳል የተሠራች ትመስላለች። ሆኖም ማታ ከእራት በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። ስታቮረን የመስመሩ መጨረሻ ነች፣ በትልልቅ የወይን በርሜሎች ውስጥ አልጋ ያዘጋጀ ሆቴል አለባት። በሞቃታማው ወቅት ከእንክሃውዘን በጀልባ ብስክሌት ይዞ መምጣትም ይቻላል። ከአምስተርዳም አካባቢ ለሚነሳ ሰው ይህ መንገድ ራሱ ግማሹ ደስታ ነው።

በደቡብ ጫፍ፣ ሌመር ውስጥ፣ ቫውዳኸማል የተባለ በእንፋሎት የሚሠራ የውኃ ማውጫ ጣቢያ አለ። በ1920 ሥራ ጀመረ፣ ከ1998 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ውኃው በጣም ሲሞላ አሁንም ይነሳል። ሜካኒክ ወይም ኢንጂነር ዘመድ ካላችሁ እዚያ ውሰዱት፣ ውለታችሁን አይረሳም።

የዚህ አካባቢ ችግሩ ብዛት ነው። ሐይቆቹ በሐምሌና በነሐሴ በጀልባ ይጨናነቃሉ። የድሮ ጭነት ጀልባዎች ውድድር፣ ቀጥሎም የስኔክ የመርከብ ሳምንት ሲመጣ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል። ታሪክ ፍለጋ ከሆነ የምትመጡት ግንቦት ወይም መስከረም ይሻላል።

ሰሜን ምስራቅ፦ እኔ የማደላው

ዶኩም አካባቢ ቱሪስት በብዛት አይደርስም። ባቡር የለም። ከሌዋርደን በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። እኔ ግን ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ላለው ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

ዶኩም በኮከብ ቅርጽ በተሠራ የአፈር ግንብ የተከበበች ናት። ግንቡ ላይ የነፋስ ወፍጮዎች ቆመዋል። በ754 ሰባኪው ቦኒፋስ የተገደለው በዚህ አካባቢ ነው። ከጥር 22 ቀን 1945 በኋላ ግን ለአካባቢው ሰው ዶኩም ሌላም ትዝታ አላት። የውስጥ አርበኞች እስረኛ የያዘ የጀርመን መኪና ላይ ደፈጣ አድርገው ነበር። ለበቀል ጀርመኖች 20 ሰዎችን ከእስር ቤት አምጥተው በከተማዋ ደቡባዊ በር በቫውድፖርት ረሸኗቸው። አስከሬናቸውን ሕዝቡ እንዲያየው አደረጉ። ስማቸው የተቀረጸበት መታሰቢያ እዚያው አለ።

ሌዋርደን ላይ ያያችሁት ጥይት ያልተተኮሰበት ድል እና ዶኩም ላይ የምታዩት ቅጣት ያላቸው ርቀት ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ሁለቱን ሳያገናኙ የውስጥ አርበኝነት ምን ዋጋ እንዳስከፈለ መረዳት ይከብዳል። ለዚህ ነው ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ጉዞ እዩ የምለው። ከአያቶቹ ስለ የካቲት 12 እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዚህ ገጠር የጦርነቱ ታሪክ የገበሬም ታሪክ ነው። በ1943 ሚያዝያ መጨረሻ ጀርመኖች ተፈትተው የነበሩ የደች ወታደሮች እንደገና ይታሰሩ ብለው አዘዙ። አገሪቱ በአድማ ተነሳች። ፍሪስላንድ ውስጥ ገበሬው ወተቱን ለፋብሪካ ከማስረከብ መሬት ላይ ማፍሰስን መረጠ። አድማው በግድያ ተጨፈለቀ። ከዚያ በኋላ ግን ጎተራና የሣር ክምር ውስጥ ሰው መደበቅ በረታ። በ1944 እና 1945 ክረምት የምዕራቡ ከተሞች ሲራቡ ሕፃናት ሳይቀሩ በጀልባ ወደዚህ ተልከው በገበሬ ቤት ነፍሳቸው ተርፋለች። የታደሰ የገበሬ ቤት ውስጥ ስታድሩ ባለቤቱን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ሰው ዝምተኛ ነው፣ ከጠየቁት ግን ያወራል።

ከዶኩም ወደ ባሕሩ ስትሄዱ ሞደርጋት የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። በ1883 መጋቢት ላይ በአንድ ማዕበል 83 ዓሣ አጥማጆች ሰጥመዋል። ሙዚየሙ በራሳቸው በትንንሾቹ ቤቶች ውስጥ ነው። ከግድቡ ማዶ ዋደን ባሕር ነው፣ ከ2009 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፣ ያለ አስጎብኚ ግን በፍጹም አትግቡ። ባሕሩ ሲመለስ ፈጣን ነው።

ማደሪያው ርካሽና ጸጥ ያለ ነው፦ በገበሬ ግቢ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ካምፒንጎች፣ ቁርስ የሚሰጡ ቤቶች፣ ኩሽና ያላቸው የዕረፍት ቤቶች። መኪና ካላችሁ ምንም አይጎድልባችሁም። ከሌላችሁ ዶኩም ከተማ ውስጥ እደሩና ብስክሌት ተከራዩ። በትናንሾቹ መንደሮች እሁድ ሱቅ መዝጋት የተለመደ ነው፣ ቅዳሜ ላይ አስቤዛ ሸምቱ።

ደሴቶቹ፦ የጦርነቱን መጨረሻ ለሚፈልግ

ከአምስቱ ዋና የደች ደሴቶች አራቱ የፍሪስላንድ ናቸው፦ ቭሊላንድ፣ ቴርስኸሊንግ፣ አመላንድና ስኺርሞኒኮኽ። ወደ ሁለቱ መጀመሪያዎች መርከብ የሚነሳው ከሃርሊንገን ነው፣ ወደ አመላንድ ከሆልቨርድ፣ ወደ ስኺርሞኒኮኽ ከላውወርስኦኽ። ሆልቨርድ ከዶኩም ብዙ አይርቅም፣ አመላንድን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለው ግን መርከቡ ሊዘገይ ይችላል።

ለጦርነት ታሪክ የሚፎካከሩት ቴርስኸሊንግና ስኺርሞኒኮኽ ናቸው።

ቴርስኸሊንግ ላይ ጀርመኖች ትልቅ የራዳር ጣቢያ ሠርተው ነበር። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ወደ ጀርመን ሲሻገሩ በዚህ በኩል ስለሚያልፉ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ምሽጎቹ በአሸዋ ተቀበሩ። የደሴቷ በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ቆፍረው በርካታውን አውጥተዋል፣ አሁን በመካከላቸው በእግር ይኬዳል። በ1594 የተሠራው ብራንዳሪስ የተባለው የመርከብ መብራት ማማም እዚሁ ነው። ፈጣኑ መርከብ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ዘገምተኛው ሁለት ሰዓት ነው። ሰኔ ላይ ኦሮል የሚባል የቲያትር ፌስቲቫል ስላለ ያኔ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው።

ስኺርሞኒኮኽ ከሺህ ያነሰ ሰው ይኖርባታል። የጎብኚ መኪና አይገባም። ጀርመን ግንቦት 1945 ላይ እጅ ስትሰጥ እዚህ ገና የጀርመን ወታደሮች ነበሩ። ከግሮኒንገን የሸሹ ኤስኤስ የተባለው የናዚ ታጣቂ ድርጅት ሰዎችም ተጠልለውባት ነበር። የመጨረሻዎቹ የወጡት ሰኔ 11 ነው፣ በምዕራብ አውሮፓ መጨረሻ ላይ ነፃ ከወጡት መሬቶች አንዷ ናት ማለት ነው። አሸዋ ክምር ላይ ያለውን ቫሰርማን የተባለ ምሽግ ወጥታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። ቀጥሎ ቭሬደንሆፍ ወደተባለው መካነ መቃብር ውረዱ። ባሕሩ ወደ ዳር የተፋቸው መርከበኞች፣ የእንግሊዝ አብራሪዎችና የጀርመን ወታደሮች ጎን ለጎን ተቀብረዋል። አንዳንዱ መቃብር ስም የለውም።

የምመርጠው ስኺርሞኒኮኽን ነው። ቴርስኸሊንግ የሚታይ ምሽግ በብዛት አለው፣ ስኺርሞኒኮኽ ግን ጦርነቱ ያበቃው በአንድ ቀን እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ ሌሊት ማደር ይበቃል። የደሴት አልጋ ከዋናው መሬት ውድ ነው፣ የመርከቡም ዋጋ ይጨመራል፣ አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ ይሰማል።

የአብራሪዎች መቃብር

ይህ በየትኛውም አካባቢ ብታድሩ የሚገኝ ነው። ወደ ሐምቡርግ፣ ብሬመንና በርሊን የሚሄዱ የቦምብ አውሮፕላኖች ይህን ሰማይ ይሻገሩ ነበር። ሌዋርደን አየር ማረፊያ ላይ ደግሞ የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላኖች ይጠብቋቸው ነበር። ብዙዎቹ በየማሳው፣ በሐይቁና በባሕሩ ወደቁ። ስለዚህ የመንደር ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ስታልፉ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር የሚል ትንሽ ምልክት ታያላችሁ። ግቡ። ነጫጭ ድንጋዮቹ ላይ ዕድሜ ተጽፏል፦ 20፣ 21፣ 22። የመንደሩ ሰው እስከ ዛሬ አበባ ያኖራል።

ማደሪያ ስትይዙ

የዕረፍት ቤቶች በብዛት የሚከራዩት ከአርብ እስከ ሰኞ ወይም ከሰኞ እስከ አርብ ነው። የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ጽዳት፣ አንሶላና የቱሪስት ግብር ይጨመርበታል። ሁለት ቦታ ስታወዳድሩ ድምሩን አወዳድሩ።

ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ኩሽና ያለው ቤት ከሆቴል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የመንደር ምግብ ቤት ማታ በጊዜ ይዘጋል። ጾም ላይ ከሆናችሁ የሚቀርበው ምርጫ ጠባብ ነው። እንጀራውንና ሽሮውን ይዞ የሄደ ሰው ግን ከየትኛውም መንደር ቀኑን ሙሉ ዞሮ ተመልሶ በሰላም ይበላል።

ብቻውን በብስክሌት ለሚዞር ሰው ቭሪንደን ኦፕ ደ ፊትስ የሚባል ማኅበር አለ። አባል ስትሆኑ በግለሰቦች ቤት በዝቅተኛ ዋጋ ማደርና ቁርስ መብላት ይቻላል። ከሰው ጋር ለማውራት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። በቡድን ለሚሄዱ፣ ለምሳሌ ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ወይም ለማኅበር፣ ሃርሊንገን ወደብ ላይ ከነካፒቴኑ የሚከራዩ የድሮ ሸራ መርከቦች አሉ፣ የሚታደረውም እዚያው መርከቡ ውስጥ ነው። በዚያው ከተማ የመርከብ መብራት ማማና የወደብ ክሬን ውስጥ የተሠሩ መኝታዎችም አሉ። ለጋብቻ በዓል ይሁኑ፣ ለታሪክ ጉዞ ግን ገንዘቡን ለሌላ ሌሊት አስቀምጡት።

መቼ ይሻላል?

ግንቦት 4 እና 5። ግንቦት 4 ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማለትም በፈረንጅ ሰዓት 20፡00፣ አገሩ በሙሉ ለሁለት ደቂቃ ይቆማል። ዶኩምም ሆነ ድሮንራይፕ ሆናችሁ መታሰቢያው አጠገብ ከነዋሪው ጋር መቆም ትችላላችሁ፣ ማንም ከየት መጣህ አይልም። ግንቦት 5 የነፃነት ቀን ነው፣ ሌዋርደን ውስጥ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። ይህ ቀን በእኛ ሚያዝያ 27 ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት የአርበኞች ቀን። ልጆቻችሁ አውሮፓ ተወልደው ካደጉ ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ቀን ለመንገር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ለዚያ ሳምንት አልጋ በክረምቱ ያዙ።

እንግዲህ በጊዜያችሁ ልክ ቁረጡ። ሁለት ሌሊት ካላችሁ ሌዋርደን፣ አንዱን ቀን በባቡር ለድሮንራይፕና ለፍራነከር ስጡት። አራት ሌሊት ካላችሁ ሁለቱን ሌዋርደን፣ ሁለቱን ዶኩም አድርጉ። መኪና ካለ በመሃሉ ኮርንቨርደርዛንድን በተከፈተበት ቀን ጨምሩ። አንድ ሳምንት ያለው ስኺርሞኒኮኽ ላይ አንድ ሌሊት ይደር። አዛውንት ወላጆች አብረው ካሉ ደሴቱን ተዉት፣ ብዙ መንገድ በእግር ነው፣ የምሽጉም ደረጃ አይመችም። ለነሱ ሌዋርደን ሆናችሁ ሙዚየሙን ጠዋት፣ ብሎክሃውስፖርትን ከሰዓት አሳዩአቸው፣ መሃል ላይ ካፌው ውስጥ በደንብ ያረፉ።